የመጀመሪያው ጠመንጃና የቤተሰብ በጀት



ለዚህ ሳምንት ዓምዳችን መነሻ የሆኑን ከካርቱም የደረሱን ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው። የመጀመሪያው የአንድ የሃምሳ አለቃ ነው። የሃምሳ አለቃው በሸክላ ዒላማ ላይ የሚደረገውን የተኩስ ስፖርት በቴሌቪዥን አይተው እንደ ወደዱት፣ በጡረታ ዘመናቸውም ሊሠሩበት እንዳሰቡ ይገልጻሉ። አንድ ሰው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ በርካሽ ሊሸጥላቸው መቅረቡን ካመለከቱ በኋላም «ለጀማሪ የሚሻለው የትኛው ዓይነት ነው?» ሲሉ ይጠይቁናል። ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፉት ባለቤታቸው ናቸው። «የተጠራቀመው ገንዘብ የልጆቹ የትምህርት ቤት ገንዘብ ነው። የምንኖረው በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ትንሹ ልጃችን ያገኘውን ሁሉ መነካካት ይወዳል። እባካችሁ ባለቤቴን ምከሩልኝ» ይላሉ።

እነዚህ ሁለት ደብዳቤዎች ሲታዩ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ። ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን የአንድ ጥያቄ ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ስለ ጠመንጃው ዓይነት የሚሰጥ መልስ ስለ ቤቱም መልስ ካልሰጠ ጎዶሎ ነው። በመሆኑም በዛሬው ጽሑፋችን ለሁለቱም ባንድነት መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስፖርቱ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እናስረዳ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ተኳሾች ሕያው ርግብ ከሣጥን እየለቀቁ በመተኮስ ይወዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሎምፒክ እንኳ በሕያው ርግብ ላይ ውድድር ተደርጎ የቤልጂጉ ተወላጅ ሌዎን ደ ሉንደን 21 ርግቦች በመጣል አሸናፊ ሆኗል። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው ጆርጅ ሊጎውስኪ እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ዝርግ ሳህን የመሰለ የሸክላ ዒላማ ከመወርወሪያው ጋር ሠርቶ ስላቀረበ፣ ስፖርቱ ቀስ በቀስ ነፍስ ከማጥፋት ወደ ሸክላ መስበር ተሸጋገረ። «የሸክላ ርግብ» የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ዘመን ነው። ዛሬ ዒላማው የሚሠራው ከሸክላ ሳይሆን ከተፈጨ የኖራ ድንጋይና ከዝፍት ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 105 ግራም ነው። መኪናው ዒላማውን ወደ አየር ይወረውረዋል፤ ተኳሹም መሬት ሳይደርስ መስበር ይኖርበታል።

ለዚህ ተግባር የሚያገለግለው ጠመንጃ ወታደር ከሚያውቀው ጠመንጃ የተለየ ነው። ሾት ገን ይባላል። የአፈሙዙ ውስጥ ልሙጥ ነው፤ ጠመዝማዛ መስመር የለውም። የሚተኩሰውም አንድ አረር ሳይሆን በአንድ ቀልሃ ውስጥ የታጨቁ እንደ ጤፍ ባይሆኑም እንደ ማሽላ የሚያንሱ የእርሳስ እንክብሎችን ነው። ለውድድር የሚፈቀደው ጥይት ከ24 ግራም ያልበለጠ እርሳስ ይይዛል። የእያንዳንዱ እንክብል ስፋት 2.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን በአንድ ጥይት ውስጥ 300 ያህል እንክብሎች ይገኛሉ ማለት ነው። እነዚህ እንክብሎች ከአፈሙዙ ሲወጡ እየተበተኑ ይሄዳሉ፤ በብተናቸው ውስጥ የገባውን ዒላማም ይሰብራሉ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። ገዢውን በመጀመሪያ የሚያደናግረው የጠመንጃው ቁጥር ነው። ባለ 12፣ ባለ 20፣ ባለ 28 እየተባለ ሲነገር የሰማ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል ጠመንጃውም የሚተልቅ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ፓውንድ ወይም 453 ግራም እርሳስ በ12 እኩል ድቡልቡል ኳሶች ቢከፈል፣ ከኳሶቹ አንዱ በልኩ የሚገባበት አፈሙዝ ባለ 12 ይባላል፤ ስፋቱም 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያው እርሳስ በ20 ኳስ ቢከፈል ኳሶቹ ስለሚያንሱ ባለ 20 የሚባለው አፈሙዝ ጠባብ ነው፤ 15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ትልቅ አፈሙዝ ሁልጊዜ ይሻላል የሚል እምነት ያለው ሰው ቢኖር፣ ከካርቱም ታሪክ አንድ ምሳሌ እናቅርብለት። እንግሊዛዊው አሳሽና አዳኝ ሳሙኤል ቤከር የዓባይን ገባር ወንዞች ለማጥናት በአትባራና በሰቲት ዳርቻዎች ከርሞ፣ በመተማ አቅጣጫ አልፎ፣ ራሃድንና ድንድርን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በጁን 1862 ካርቱም ገባ። በጉዞው ሁሉ ያልተለየችው፣ በኋላም ባለቤቱ የሆነችው ፍሎረንስ አብራው ነበረች። ቤከር ከያዛቸው ጠመንጃዎች መካከል «ቤቢ» ብሎ የሰየመው አንዱ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን አረር የሚተኩስ ነበር። ባስረዳነው ስሌት መሠረት ይህ ባለ 2 ቁጥር መሆኑ ነው። ዐረብኛ ተናጋሪ ተከታዮቹ «የመድፍ ልጅ» ብለውታል። ሆኖም ይህ የመድፍ ልጅ ሲተኮስ እርግጫው ባለቤቱን ባለበት የሚያሽከረክር ስለ ነበር ቤከር ራሱ መተኮሱን ይፈራው እንደ ነበር ጽፏል። ለዘወትር አገልግሎት ያዘወትረው የነበረው ግን ባለ 24 ቁጥር የሆነችውን ትንሿን ጠመንጃ ነበር። የቤከር ጠመንጃዎች የአረር እንጂ የእንክብል መተኮሻ እንዳልነበሩ አይዘነጋም። ትምህርቱ ግን ለሁለቱም ይሠራል፦ ተኳሹ የሚፈራው ጠመንጃ ምንም ያህል ኃይል ቢኖረው አይጠቅመውም።

ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው ባለ 12 ቁጥር ሆኖ ቀላል ጥይት የሚተኮስበትን ነው። ምክንያቱ ኃይሉ አይደለም። ባለ 12 በዓለም ላይ በብዛት የሚገኝ በመሆኑ ጥይቱን ማግኘት ይቀላል፤ ያገለገለ ጠመንጃም በዚህ ቁጥር ይበዛል። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚፈቀደውም ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። 24 ግራም ጥይት ክብደቱ 3.5 ኪሎ ግራም ከሚጠጋ ባለ 12 ጠመንጃ ሲተኮስ እርግጫው በመጠኑ ነው። ይኸው ጥይት ከቀላል ጠመንጃ ቢተኮስ ትከሻ ያማል። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲይዙት ቀለል ያለው ጠመንጃ ደስ ይላል፤ በሜዳ ላይ ሃያ አምስት ጊዜ ሲተኩሱ ግን ከበድ ያለው ይመረጣል።

ዓይነቱን በተመለከተ በገበያ ላይ የሚገኙት አራት ናቸው። አንደኛው ሁለት አፈሙዞች ጎን ለጎን የተጣመሩበት ነው። ሁለተኛው አፈሙዞቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡበት ነው። ሦስተኛው እጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየገፋ የሚያጎርሰው ፓምፕ የሚባለው ነው። አራተኛው በጋዝ ወይም በእርግጫው ኃይል ራሱን የሚያጎርሰው ግማሽ አውቶማቲክ ነው። ፓምፑ በዋጋው ርካሽ፣ በአሠራሩም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ዒላማ ተከታትሎ ሲወረወር ጀማሪውን ያዋክባል። በጋዝ የሚሠራው ግማሽ አውቶማቲክ እርግጫው ለስላሳ ነው፤ ዳሩ ግን ብዙ ጽዳት ይፈልጋል። የካርቱምን ሃቡብ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ቀይ የአሸዋ ግድግዳ ካለፈ በኋላ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ሳይቀር የሚገባው ትቢያ በጠመንጃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መገመት አያቅተውም።

በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያ ጠመንጃ የሚሻለው አፈሙዞቹ የተደራረቡበት ዓይነት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ጥቂት ነው፤ ለማጽዳትም አያስቸግርም። ከሁሉ በላይ ግን ይህ ጠመንጃ ከወገቡ ሲታጠፍ ባዶ መሆኑ ለያዘው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ለቆመው ሁሉ ከሩቅ ይታያል። በተኩስ ሜዳ ታጥፎ የተያዘ ጠመንጃ እንደ ሰላምታ ነው፤ ማንንም አያሰጋም።

ስመ ጥር ከሆኑት መካከል የጣሊያኑ ቤሬታ እ.ኤ.አ. ከ1526 ጀምሮ አፈሙዝ ሲሠራ የኖረ ቤት ነው። የቤልጂጉ ብራውኒንግ የተደራረበ አፈሙዝ ያለውን ጠመንጃ በዓለም ላይ እንዲስፋፋ ካደረጉት አንዱ ነው። የእነዚህ አዲስ ጠመንጃዎች ዋጋ ከወታደር ደመወዝ ጋር አይስማማም። ባጀቱ ለጠበበ ሰው የሚነገርለት የሩሲያው ባይካል ነው። ኢዠ 27 የተባለው ዓይነቱ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢዤቭስክ ፋብሪካ የተመረተ ነው። አጨራረሱ ሸካራ፣ ሰውነቱ ከበድ ያለ፣ ጌጥ የሌለው ጠመንጃ ነው፤ በጥንካሬው ግን የተመሰከረለት ነው። የቱርክ ሠራተኞችም በመጠነኛ ዋጋ ብዙ ዓይነት ያቀርባሉ። ስም ብቻ አይቶ መግዛት ግን አይበጅም። ከታዋቂ ስም ይልቅ ደኅና የተያዘ አካል፣ ከአዲስ ርካሽ ይልቅም ያገለገለ ጥሩ ይሻላል እንላለን።

አሁን ደግሞ ዋነኛ ወደምንለው ነጥብ እንሻገር። ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው። ውድ ጫማ ልክ ካልሆነ ያቆስላል። በሾት ገን ላይ የኋላ ማነጣጠሪያ የለም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ራሱ ነው። ሰደፉ ቢረዝም በብብት ልብስ ይያዛል፤ ቢያጥር አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል። ሰደፉ ዝቅ ቢል ጉንጭ በቦታው ሲያርፍ ዓይን የጠመንጃውን ጀርባ እንጂ አፈሙዙን አያይም፤ ከፍ ቢል ደግሞ እንክብሉ ከዒላማው በላይ ያልፋል።

ልኩን ለመፈተን የሚከተለው ዘዴ በቂ ነው። በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ታጥፎ ይረጋገጥ። ቀጥሎ በክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ነጥብ ይመረጥ። ሁለቱም ዓይኖች ይጨፈኑና ጠመንጃው እንደ ተለመደው ወደ ትከሻና ወደ ጉንጭ ይምጣ። ከዚያም ዓይን ይከፈት። አፈሙዙ ወደ ተመረጠው ነጥብ ካመለከተ፣ ዓይንም በአፈሙዙ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ካረፈ፣ ያ ጠመንጃ ለባለቤቱ ተሠርቷል ማለት ነው። አንገት አጣሞና ጉንጭ አንቀሳቅሶ ማስተካከል ካስፈለገ ግን ሻጩን አመስግኖ መሄድ ይገባል።

የዓይንም ነገር አለ። ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ መሪ ነው። ሁለቱን እጆች ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ በመተው፣ በቀዳዳው ውስጥ ሩቅ ያለ ነገር ይታይ። ከዚያ አንዱ ዓይን ተራ በተራ ይጨፈን። ነገሩ በቀዳዳው ውስጥ እንዳለ የሚታየው በመሪው ዓይን ነው። ቀኝ እጅ ሆኖ መሪ ዓይኑ ግራ የሆነ ሰው ጠመንጃ ከመግዛቱ በፊት ይህን ማወቁ ብዙ ገንዘብና ብዙ ብስጭት ያድነዋል።

ለሠራዊቱ አባላት በተለይ የምንለው አለ። በጥሩ ተኳሽነቱ የሚታወቅ ወታደር በሸክላ ዒላማ ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ምክንያቱ ጉድለት ሳይሆን ያው የተማረው ትምህርት ነው። ወታደር አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትንፋሹን ይይዛል፤ ቃታውን ቀስ አድርጎ ይስባል። በሸክላ ዒላማ ግን ሁለት ዓይን ተከፍቶ፣ ከወገብ ጀምሮ ሰውነት እየዞረ፣ ጠመንጃው ዒላማውን ተከትሎና ቀድሞ እየሄደ ሳይቆም መተኮስ አለበት። ቃታ ሲሳብ አፈሙዙ ከቆመ እንክብሉ ከዒላማው በስተኋላ ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለጠመንጃው ሳይሆን ለአሠልጣኝ ቢውል አያስቆጭም። ክለብ ባለበት አገር በተውሶ ወይም በኪራይ ጠመንጃ ጥቂት ዙር ተኩሶ ከዚያ የራስን መምረጥ ከሁሉ የረከሰው መንገድ ነው።

ያገለገለ ጠመንጃ ሲገዛ የሚመረመረው ምን ምን እንደ ሆነ በዝርዝር እናስታውስ። የፊቱ እንጨት ይውለቅና ጠመንጃው በእጅ ይነቅነቅ፤ በመታጠፊያው ላይ ከላላ ይቅር። በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን ይታይ፤ ዝገት የበላው ጉድጓድ ወይም ከውጭ የተቀጠቀጠ ስርጉድ ካለ ይቅር። በሰደፉና በብረቱ መጋጠሚያ ላይ ስንጥቅ ይፈለግ። የጥይት ቤቱ ርዝመት በብረቱ ላይ ይነበብ፤ 65 ሚሊ ሜትር ለተባለ አሮጌ ጠመንጃ 70 ሚሊ ሜትር ጥይት ማጉረስ አደጋ አለው። የሴፍቲውና የቃታው አሠራር በጠመንጃ ሠራተኛ ይፈተሽ።

ሁለት ቁጥር ጠመንጃ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ አንድ ነገር ፈጽሞ እንዳይረሳ። የባለ 20 ጥይት በስሕተት ባለ 12 ውስጥ ቢገባ አልፎ ሄዶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል። ተኳሹ ባዶ መስሎት በላዩ ባለ 12 ጥይት ቢያጎርስና ቢተኩስ አፈሙዙ በእጁ ላይ ይፈነዳል። የባለ 20 ጥይት ቀልሃ በቢጫ ቀለም የሚሠራው ለዚሁ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት በአሸዋማ አገር ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በአፈሙዙ ውስጥ አይቶ ማለፍ ልማድ መሆን ይኖርበታል። ዘይትም ሲበዛ ትቢያ ይሰበስባል፤ ስለሆነም በጨርቅ የተዳረሰ ስስ ቅባት ይበቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ ጀማሪዎች ያላቸውን ሁሉ ጠመንጃው ላይ ያፈሱና ጥይት መግዣ አጥተው ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይቀራል። የሸክላ ዒላማ አንድ ዙር 25 ዒላማ ነው፤ በትንሹ 25 ጥይት ይፈልጋል። አንድ ሰው በወር አራት ዙር ቢተኩስ 100 ጥይት፣ በዓመት 1,200 ጥይት ይጨርሳል። የእርሳሱ ክብደት ብቻ ወደ 29 ኪሎ ግራም ይጠጋል። እንግዲህ ጠመንጃውን ከመግዛት በፊት የአንዱን ጥይት ዋጋ ጠይቆ በ1,200 ማባዛት ነው። የተገኘው ድምር ከዓመቱ ገቢ ጋር የማይስማማ ከሆነ ጠመንጃው ቢረክስም ስፖርቱ ተወዷል ማለት ነው። ወይም ዙሩን ወደ ሁለት መቀነስ ይገባል።

የእኛ ምክር የሚከተለው ነው። ለዚህ ጉዳይ የተመደበው ገንዘብ በአራት እኩል ይከፈል። ሁለቱ እጅ ለጠመንጃው፤ አንዱ እጅ ለጥይትና ለሜዳ ክፍያ፤ የመጨረሻው እጅ ለፈቃድ፣ ለጆሮና ለዓይን መከላከያ፣ ለሠልጣኝነት ክፍያ፣ ለብረት ሣጥንና ለቁልፍ ይሁን። ይህ ገንዘብም ከትምህርት ቤት፣ ከኪራይና ከመድኃኒት ገንዘብ ላይ የሚነሣ መሆን የለበትም። የሾት ገን ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ 140 ዴሲቤል ያለፈ ድንገተኛ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶም ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። የጆሮ መከላከያ የማይገዛበት በጀት የጠመንጃ በጀት አይደለም።

አሁን የእኅታችንን ደብዳቤ እናንሣ። እኅታችን ያነሡት ሥጋት ተገቢ ነው፤ ካርቱም ለሚኖር ሰው ደግሞ እጥፍ ተገቢ ነው። በከተማይቱ ውስጥ ጦርነት ከተጀመረበት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቶ፣ የሱዳን ጦር መሐል ካርቱምን መልሶ እስከ ያዘበት እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦችም በየሰፈሩ ቀርተዋል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ የተኩስ ድምፅን ከስፖርት ጋር አያያይዘውም። መሬት ላይ ያገኘውን ብረት ሁሉ እንዳይነካ በየቀኑ ሊነገረው የሚገባው ልጅ፣ ቤቱ ውስጥ ጠመንጃ ያለ ሣጥን ተጋድሞ ሊያይ አይገባውም።

ስለዚህ ለሃምሳ አለቃው በግልጽ እንናገር። ሰው በእጁ ይዞ የሚያዞረውን ጠመንጃ አይግዙ። ዋጋው የረከሰው ጠመንጃው ደኅና ስለሆነ አይደለም። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ መሣሪያ የተዘረፈ ሊሆን ይችላል፤ የሞተበት ሰው ሊኖር ይችላል። በሱዳን የ1986 (እ.ኤ.አ.) የጦር መሣሪያ፣ የጥይትና የፈንጂ ሕግ፣ በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የወሰኑት ናቸው። ያለ ፈቃድ በመተማ በኩል ለማሻገር መሞከር ደግሞ ወንጀል ነው። የጡረታ ስፖርት የታሰበው ነገር ጡረታን የሚያሳጣ መሆን የለበትም። ከሁሉ አስቀድሞ «የት ሜዳ ላይ እተኩሳለሁ?» የሚለው ይመለስ። ሕጋዊ ሜዳ በሌለበት ቦታ የሸክላ ዒላማ ጠመንጃ ትርጉም የለውም። ዛሬ በካርቱም ጊዜው የመተኮስ አይደለም፤ ጊዜው የመማርና የማጠራቀም ነው።

ጊዜው ደርሶ በፈቃድ የተገዛ ጠመንጃ ቤት ሲገባ ደግሞ የቤቱ ሥርዓት ይህ ይሁን። ጠመንጃው በተቆለፈ የብረት ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ። ሁለት ቁልፍ ይኑር፤ የጠመንጃውን ባል፣ የጥይቱን ሚስት ትያዝ። ሁለቱ ሳይስማሙ ጠመንጃው አይጎርስም። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ በጦር ሰፈር ግምጃ ቤት የሚሠራበትን ሥርዓት ወደ ቤት ማምጣት ነው። ቁልፉ የት እንዳለ ልጆች አይወቁ። ለልጅ «አትንካ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የሚነካው እንዳይኖር ማድረግ ነው ዋናው።

ስለ እርሳሱም አንድ ቃል። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይም የሕፃናትን አእምሮና ያልተወለደን ልጅ ይጎዳል። ከተኩስ የተመለሰ ሰው እጁንና ፊቱን በሳሙና ሳይታጠብ፣ የተኩስ ልብሱን ሳያወልቅ ሕፃን አይቀፍ፣ እንጀራም አይቁረስ። ልብሱም ከሕፃናት ልብስ ጋር አንድ ላይ አይታጠብ።

ደግሞም ይህ ስፖርት የወንድ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ይታረም። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ ስኪት በተባለው የሸክላ ዒላማ ውድድር ወንዶችና ሴቶች በአንድነት ሲወዳደሩ ያሸነፈችው የቻይናዋ ዣንግ ሻን ነበረች። በማጣሪያው ከ200 ዒላማ 200ውን ሰብራለች። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ውድድሩ ለወንዶች ብቻ ተደረገ፤ የሴቶች ስኪት ራሱን ችሎ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ነበር። የቤት እመቤት መተኮስ ብትፈልግ የባልዋን ረጅም ሰደፍ ሳይሆን ለቁመቷ የተስማማ አጠር ያለ ሰደፍና ቀላል ጥይት ይሰጣት። ጀማሪን በከባድ ጥይት አስተኩሶ መሣቅ ጨዋታ አይደለም፤ ሰውን ከስፖርቱ ማባረር ነው።

ዕድሜም አይከለክልም። የኩዌት ጦር መኮንኑ ፈሃይድ አል ዲሃኒ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በሸክላ ዒላማ የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ 49 ዓመቱ ነበር። በዚያን ጊዜ አገሩ ከኦሎምፒክ ታግዳ ስለ ነበር ያለ አገሩ ሰንደቅ ዓላማ ተወዳድሯል። በመክፈቻው ሥርዓት የኦሎምፒክን ባንዲራ እንዲይዝ ሲጠየቅም ወታደር በመሆኑ ከአገሩ ሰንደቅ ዓላማ በቀር ሌላ እንደማይዝ ገልጾ አልተቀበለም። የሃምሳ አለቃችን ለጡረታቸው የያዙት ሐሳብ ዘግይቷል የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

እንግዲህ ውድ የሃምሳ አለቃ፣ የመረጥንልዎ ይህ ነው፦ ባለ 12፣ አፈሙዙ የተደራረበ፣ ከበድ ያለ፣ ያገለገለ፣ በጠመንጃ ሠራተኛ የተመረመረ፣ ፈቃድ ያለው፣ ለአካልዎ ልክ የሆነ። እስከዚያ ድረስ የልጆቹ የትምህርት ቤት ገንዘብ ይክፈሉ። ውድ እኅታችን፣ እርስዎም የጥይቱን ሣጥን ቁልፍ ለመያዝ ካሁኑ ይዘጋጁ፤ ባለቤትዎም ቁልፉን በደስታ እንደሚሰጡዎ አንጠራጠርም። ሁለታችሁም በአንድ ወንበር ተቀምጣችሁ በ1,200 የሚባዛውን ስሌት አብራችሁ ሥሩት። ስሌቱ ከተስማማ ግዙ፤ ካልተስማማ ጠብቁ። ሸክላው ነገም ይወረወራል።